የእትዬ ዘርፌ ጣቶች

የኛ ሰፈር ቀን የሚጀምረው በጣት ነበር።

ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ላይ እትዬ ዘርፌ ቦኖው አጠገብ ያለችው ጠረጴዛ ጋ ይመጣሉ፣ ጃንጥላው ስር ይቀመጣሉ፣ አንድ ትልቅ ብርጭቆ ውሃ በባዶ ሆዳቸው ግጥም ያደርጋሉ። ከዛ አስሩንም ጣታቸውን ዘርግተው ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣሉ። እኛ ጀሪካናችንን ይዘን ተሰልፈን ጣታቸውን እናያለን። አርባ ደቂቃ። ጣታቸው ካልተቆለፈ የእድሩ ዳኛ ነጭ ጨርቅ ይሰቅላሉ፣ ቦኖው ይከፈታል፣ ሰው ቀድቶ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። ከተቆለፈ የሚሰቀለው ቀይ ነው፣ ያን ቀን ማንም አይጠጣም።

አርባ ደቂቃ ሲያወሩት አጭር ነው። ቆመህ ስታየው ሌላ ነው። ሰልፉ ላይ ተማሪ የቤት ስራውን ይሰራል፣ ሴቶች ፀጉር ይሰራራሉ፣ ተካልኝ የሚባል ቦምቦሊኖ ሻጭ ቅርጫቱን ይዞ ላይና ታች እያለ ሰው ላይ ይቀልዳል። ሁሉም ያወራል፣ ዓይኑ ግን ጠረጴዛው ላይ ነው። እኔ የእትዬ ዘርፌን ጣቶች ከእናቴ ጣቶች በላይ አውቃቸዋለሁ። የግራ እጃቸው ቀለበት ጣት ላይ የዘይት ጠባሳ አለ። የቀኝ አውራ ጣታቸው ጥፍር ለሁለት የተሰነጠቀ ነው። ትንሿ ጣታቸው ከድሮም ጎበጥ ያለች ናት፣ ለሰፈሩ አዲስ የሆነ ሰው እሷን አይቶ ሲደነግጥ "አይዞህ፣ እሷ ተፈጥሮዋ ነው" እንለዋለን።

ከተማችን ጨው በር ትባላለች። ሐይቁ በአያቴ ጊዜ ከከተማው አራት ኪሎሜትር ይርቅ ነበር አሉ። እኔ ሳውቀው የድሮው መናኸሪያ ውስጥ ነው፣ የቲኬት ቢሮው ጣራ ብቻ ከውሃው በላይ ይታያል፣ እዛ ላይ ወፍ ይቆማል። ውሃው ሙቅ ነው፣ ጨው ነው፣ ውስጡ ደሞ አጥንት የሚበላ ነገር አለበት። የድሮ ሰዎች ፎቶ ላይ የሁሉም ጥርስ ቡናማ ነው። ጉድጓድ ቢቆፈርም የሚወጣው ያው ነው።

ከዛ ወንፊቱ መጣ። ግራፊን ከሚባል ነገር የተሰራ ነው፣ እንኳን በእጅ በዓይንም አይያዝም፣ ጨውንም መርዙንም አስቀርቶ ውሃውን ብቻ ያሳልፋል ይላሉ። ሰው በቃ ወንፊት ነው የሚለው። ሐይቁ ዳር መስኮት የሌለው ነጭ ቤት ውስጥ ነው ያለው። ቤቱ ውስጥ ሰው የለም። በሩ ላይ መብራት አለ፣ አረንጓዴ ከሆነ ውሃው ንጹህ ነው ማለት ነው።

በ2074 አንድ ማክሰኞ ጠዋት መብራቱ አረንጓዴ ነበር። እስከ ምሳ ሰዓት አስራ አንድ ሰው ሞተ። መጀመሪያ የተቆለፈው ጣታቸው ነው፣ የማይታይ ነገር ጨብጦ አልለቅም እንዳለ ሰው። ከዛ መንጋጋቸው። ከዛ ልባቸው። ወንፊቱ የሆነ ቦታ ላይ ተቀዶ ነበር። በሩ ላይ ወደተጻፈው ቁጥር ሲደወል ድምጿ በጣም የሚያምር አንዲት ሴት "ውሃዎ ንጹህ ነው፣ ስለደወሉ እናመሰግናለን" አለች። ሰው ደግሞ ደወለ። ደግማ አመሰገነች። ሬሳው ሲሸኝም መብራቱ አረንጓዴ ነበር። በኋላ ወንፊቱ ተቀየረ ተባለ፣ ሲቀየር ያየ ሰው ግን የለም።

ከዛ በኋላ መብራቱን ማመን ቀረ። የእድራችን ዳኛ ጋሽ ወልደየስ ሰው ሰበሰቡና "ጠጅ ቤት አሳላፊው መጀመሪያ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ቀምሶ ነው ለሰው የሚቀዳው። ለጠጅ የሚደረግ ነገር ለውሃ ምን ይከብዳል?" አሉ። ሰው አጨበጨበ። ቀማሹ ማን ይሁን ሲባል ጭብጨባው ጸጥ አለ። ስለዚህ ዕጣ ሆነ። በየወሩ ለአንድ ቤት ይወጣል፣ ከዛ ቤት አንድ ሰው ወሩን ሙሉ ይቀምሳል።

አንድ ዓመት እንደዚህ ተሄደ። ከዛ ዕጣው ለአንዲት አራስ ወጣ። እትዬ ዘርፌ ከኋላ ተነሱና "እኔ ባሌን ቀብሬያለሁ፣ ልጆቼን ድሬያለሁ። የእሷን ወር ለኔ ስጡኝ" አሉ። ሰጧቸው። የሚቀጥለውንም ወር ወሰዱት። ከዛም የሚቀጥለውን። ስድስት ዓመት ሙሉ ዕጣ የሚባል ነገር ቀረ። ሰው መንገድ ላይ ሲያያቸው ቆሞ ያሳልፋቸዋል፣ ህፃናት ጉልበታቸውን ይስማሉ። ጃንጥላውን የገዛው ሰፈሩ ነው። ጉልበታቸውን ሲያማቸው ጋሽ ወልደየስ ጠረጴዛዋን እድሩ እቃ ቤት ግድግዳ ጋ አስጠግተው ለብቻቸው ትንሽ ቧንቧ አስገቡላቸው፣ ቦኖው ድረስ እንዳይመላለሱ። ያን ቀን ሰው ጋሽ ወልደየስን መርቆ አልጠገበም።

ባለፈው ሐምሌ አንድ እሁድ ጠዋት ቀምሰው ሲመለሱ እትዬ ዘርፌ ደጃፋቸው ላይ ተደናቀፉ። ምንም የማትባል ድንጋይ ናት። የዳሌ አጥንታቸው ተሰበረ፣ ወደ ደጋ ሆስፒታል ወሰዷቸው። ረፋድ ላይ የእድሩ ሰዎች የቆየውን የዕጣ ኮፍያ አቧራውን አራግፈው አወጡት።

ቁጥር ሃያ ሰባት።

ሃያ ሰባት ቁጥር የኛ ቤት ነው። የኔና የባለቤቴ የመክሊት። ቤቱ ከእናቷ የወረሰችው ስለሆነ መዝገቡ ላይ ያለው የሷ ስም ነው፣ እና ጋሽ ወልደየስ ጮክ ብለው "መክሊት ዳኜ" ብለው አነበቡ። መክሊት ስምንት ወሯ ነው። ሆዷን ይዛ ብድግ አለች።

"እኔ አለሁ" አልኩ። ድምፄ ቀጠን ብሎ ነው የወጣው።

ተካልኝ ከጎኔ ነበር። "ዱሬሳ፣ ጣትህ እንደምትጠግነው ባትሪ ቶሎ እንዳይሞት ብቻ" አለኝ። የባጃጅ ባትሪ ነው የምጠግነው። ሰው ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ፣ መክሊት አልሳቀችም።

ከሰዓት ጥፍሬን ቆረጠችልኝ። አንድ በአንድ፣ ሰርጌ ላይ እንኳን እንደዛ አልተቆረጠልኝም። ከዛ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ እጄን ዘርግቼ አርባ ደቂቃ ተለማመድን። አስራ አምስተኛው ላይ አፍንጫዬን በላኝ። "አታክ" አለች። "ቢንቀሳቀስ ሰው ይደነግጣል።"

ሰኞ ጠዋት ጠጣሁ።

ስለ ፍርሃቱ ብዙ አላወራም፣ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ሰባት መቶ ሰው ጣትህን ሲያይህ ጣትህ ያንተ መሆኑ ይቀራል። እኔም እንደነሱ ሆኜ ከሩቅ አየሁት። ሃያ ደቂቃ አለፈ። ሰላሳ። መክሊት ሰልፉ ላይ ከፊቷ ካለችው ከሀያት ጋር ቆማለች፤ ሀያት ሰባት ወሯ ነው፣ ጠዋት ጠዋት ሆዳቸውን እያለካኩ ይስቃሉ። ያን ቀን ሁለቱም እኔን ያያሉ። አርባ ሞላ። ጋሽ ወልደየስ ነጩን ሰቀሉት፣ ሰው "ተመስገን" አለ፣ ሰልፉ ተንቀሳቀሰ።

ብርጭቆውን ላለቅልቅ ብዬ ተነሳሁ። ያኔ ነው ነገሩ የታወቀኝ። የጠጣሁት ውሃ ቀዝቃዛ ነበር። በፍርሃት ብዛት ስጠጣው ልብ አላልኩትም። ትንሿን ቧንቧ ነካኋት፣ ቀዝቃዛ ናት። አምስት እርምጃ ሄጄ የቦኖውን ብረት ነካሁት፣ እጅ ያቃጥላል። የወንፊቱ ውሃ ሁሌም ትኩስ ነው፣ ቤት ወስደን አንድ ሰዓት አስቀምጠን ነው የምንጠጣው። አንድ ውሃ ከሆነ እንዴት ሁለት ዓይነት ይሆናል?

የኔ ስራ ገመድ መከተል ነው። ከባትሪው እስከ ሞተሩ፣ የቱ ጋ እንደተበጠሰ። ሰው ቀድቶ እስኪበታተን ጠበቅኩና ቧንቧዋን ተከተልኳት። ወደ ቦኖው አትሄድም። ግድግዳውን በስታ እድሩ እቃ ቤት ትገባለች። በሩ ገርበብ ብሏል። ውስጡ የለቅሶ ድንኳን፣ ትልልቅ ድስቶች፣ የተደራረበ ወንበር። ድንኳኑን ገለጥ ሳደርገው ስሩ መሬት ውስጥ የተቀበረ ሮቶ አለ፣ ክዳኑ ብቻ ይታያል። ከፈትኩት። የዝናብ ሽታ ሸተተኝ።

"ገመድ የምትከተል ልጅ ነህ" አሉ ከኋላዬ።

ጋሽ ወልደየስ ናቸው። ቁልፍ ይዘዋል። አልተቆጡም፣ ያስፈራኝም እሱ ነው።

"ጋሼ፣ ይሄ የምን ውሃ ነው?"

"የደጋ ምንጭ ነው። በሁለት ወር አንዴ ቦቴ ያመጣልኛል። ሰው የግንባታ ውሃ ይመስለዋል።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

ድንኳኑ ላይ ቁጭ አሉ። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ሲቀመጡ ግን ትንሽ መሰሉኝ። "እትዬ ዘርፌ መጀመሪያ አንድ ዓመት እውነተኛውን ነው የጠጡት። እኔ ጎናቸው እቆማለሁ፣ ሰዓት እይዛለሁ። አንድ ጠዋት ከመጠጣታቸው በፊት ሲጸልዩ ሰማኋቸው። 'ዛሬ ካልሆነ ነገ' ይላሉ። እኔ እናቴን በልጅነቴ ነው ያጣሁት፣ ዱሬሳ። ሴትዮዋ እንዴት እንደሚያዩኝ ታውቃለህ? 'ልጄ' ነው የሚሉኝ። እያንዳንዱን ቀን እዛ ቆሜ ጣታቸው እስኪቆለፍ ልጠብቅ? አልቻልኩም። እና ይሄን ቀበርኩት። ሰው መረቀኝ።"

"አምስት ዓመት" አልኩ። "አምስት ዓመት ውሃውን ማንም አልቀመሰውም።"

"ሶስት ሺህ ሰው በየቀኑ ይቀምሰዋል" አሉ።

እሳቸው ቀጠሉ፣ ረጋ ብለው፣ ለልጅ ሂሳብ እንደሚያስረዳ ሰው። "እሺ፣ ነገ እውነተኛውን ቀመስክ እንበል። ተቆለፈ እንበል። ቀዩን ሰቀልኩ። ከዛስ? ቦቴ ከደጋ ተጠርቶ እስኪመጣ ሁለት ቀን ነው። የሚመጣውም አንድ ነው። በዚህ ሙቀት ሶስት ሺህ ሰው ሁለት ቀን ምን ይጠጣል? ሐይቁን? አየህ፣ ቀዩ ጨርቅ መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው፣ አንድም ቀን ተሰቅሎ አያውቅም። ነጩ የሚሰቀለው ሰው ተኝቶ እንዲነሳ ነው።"

"ቢቀደድስ? እንደዛኛው ጊዜ?"

"መብራቱ አረንጓዴ ነው" አሉ። ይሄን ሲሉ ዓይኔን አላዩኝም።

ከዛ ተነሱና ትከሻዬን ያዙኝ። "ሚስትህ ስምንት ወሯ ነው አይደል? እስክትወልድ፣ ከወለደች በኋላም ጡት እስክታስጥል፣ በየቀኑ አንድ ጀሪካን ከዚህ ውሰድላት። በጓሮ በኩል። አንተም ጠዋት ጠዋት ከዚሁ ትጠጣለህ፣ ጣትህን ትዘረጋለህ። ሌላ ነገር የለውም።"

መዋሸት አልፈልግም። ደስ አለኝ። እጃቸውን ልስም ምንም አልቀረኝም።

ሱቄ ሄጄ እትዬ ዘርፌ ጋ ደወልኩ። ነርሷ ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርጋላቸው ነው የሚያወሩት።

"እትዬ፣ እንዴት ዋሉ? ዳሌዎ እንዴት ነው?"

"አጥንትሽ ገለባ ሆኗል አሉኝ፣ ልጄ። በእርጅና ነው እላለሁ፣ በእርጅና ብቻ አይደለም ይሉኛል። አንተ ቀመስክ አሉ?"

"ቀመስኩ። እትዬ፣ ያቺን ቧንቧ ያውቋታል?"

ነርሷን በሩን ዝጊልኝ ሲሏት ሰማሁ።

"እኔ የተወለድኩት ደጋ ነው" አሉ። "የምንጭ ውሃ ይጠፋኛል? የመጀመሪያውን ቀን ነው ያወቅኩት። ወልደየስ ብርጭቆውን የሰጠኝ ፊቱን አዙሮ ነው። ልናገር ብዬ ቀና ስል ሰዉ ሁሉ ያየኛል። ነገ እላለሁ አልኩ። ነገም እንደዛው። ከዛ ለመድኩት። ፈርቼም ነበር፣ ዱሬሳ። ሰው አትፈራም ይለኛል፣ በየቀኑ እየፈራሁ ነበር ስጠጣ የነበረው።" ከዛ "ቤቴ ግን የምጠጣው ከናንተው ነበር፣ ከቦኖው" አሉ፣ እንደ ይቅርታ።

የጠዋት ጣት የምንለው ነገር አለ። ጨው በር ያደገ ሰው ከእንቅልፉ ሲነሳ መጀመሪያ ጣቱን ያፍታታል። ትንሽ ድርቅ ይላል፣ ታሸዋለህ፣ ይለቃል። ስልክ ስለምንነካ ነው እንላለን። ህፃናትም ያደርጉታል፣ መዋዕለ ህፃናት ከመዝሙር በፊት ጣት ማፍታታት አለ። ስልኩን ዘግቼ ስወጣ መንገድ ላይ ያለውን ሰው እጅ ማየት ጀመርኩ። ሊስትሮው ብሩሹን በጡጫው ነው የሚይዘው። ሻይ የሚጠጡት ሰዎች ብርጭቆውን በሁለት እጅ ነው የሚያነሱት። ሁሌም እንደዛ ነበር? አላስታወስኩም።

ቤት ገብቼ ለመክሊት ሁሉንም ነገርኳት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፣ ቢላውን አስቀመጠች።

"በየቀኑ አንድ ጀሪካን" አለች።

"አዎ።"

"ለኔ ብቻ።"

"ለናንተ። ላንቺና ለሱ።"

"ሀያትስ?"

"መክሊት፣ ሮቶው ሁለት ሺህ ሊትር ነው። ለሀያት ከሰጠን ለእህቷም ነው፣ ለእህቷ ከሰጠን..."

"ነገ ሰልፍ ላይ ሆዴን ስትለካው ምን ልበላት?"

"ሰልፍ አትውጪ። እኔ አመጣልሻለሁ።"

ቀኝ እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች፣ እኔ ጠዋት እንዳደረግኩት። ሁለቱ መሃለኛ ጣቶቿ ግን አልተዘረጉም። ያዝኳቸው፣ ላቃናቸው ሞከርኩ፣ እንጨት ናቸው።

"ይሄ ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ሁለት ሳምንት። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ብቻ ነበር። አሁን እስከ ማታ አይለቅም።"

"ለምን አትነግሪኝም?"

"እትዬ ዘርፌ ደህና ነበሩ እኮ" አለች። "በየቀኑ ጣታቸውን አያለሁ። የሳቸው ደህና ከሆነ የኔ ምን ሊሆን ይችላል? ሌላ ነገር ነው ብዬ ነዋ።"

ሽንኩርቱን እኔ ጨረስኩት። ስንበላ ማንኪያውን በጡጫዋ ያዘችው። ከዛ በኋላ ነው የነገርኳት፣ ነገ ከቦኖው ነው የምጠጣው ብዬ። ተቀዶ ከሆነ እናውቃለን፣ ካልተቀደደም እናውቃለን። "ሲቆለፍ ሰው ያያል" አልኳት። "ካየ ያምናል። ተነስተን አንድ ነገር እናደርጋለን።"

"ሰው ያያል" አለች። የኔን ቃል ነው የደገመችው፣ ስትለው ግን ሌላ ነገር መሰለ።

ማክሰኞ ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት። ጃንጥላው ስር ያለውን ብርጭቆ አንስቼ ወደ ቦኖው ሄድኩ። ሰልፉ ላይ ያለው ወሬ ቀስ በቀስ ጠፋ። ከነጩ ጨርቅ በፊት ቦኖ አይነካም። እኔ ከፈትኩት፣ ብርጭቆውን ሞላሁ፣ ትኩስ ነው፣ እንፋሎት አለው።

"ምን እያረገ ነው?" አለ አንድ ሰው።

"ዛሬ የምቀምሰው እናንተ ከምትጠጡት ነው" አልኩ። ብዙ ልናገር አስቤ ነበር፣ ስለ ሮቶው፣ ስለ ጋሽ ወልደየስ። ሁሉም ሲያየኝ ያቺ ብቻ ናት የወጣችልኝ። ጋሽ ወልደየስ ሰዓታቸውን ይዘው ቆመዋል፣ ፊታቸው አልተቀየረም። ጠጣሁት። ጣዕም የለውም። ተቀመጥኩ። ዘረጋሁ።

አስር ደቂቃ። ምንም።

ሃያ። ከንፈሬ ዙሪያ ጉንዳን የሚሄድ ይመስላል። ፍርሃት ነው አልኩ።

ሰላሳ አንደኛው ደቂቃ ላይ የግራ እጄ ቀለበት ጣት ተነሳች። እኔ አላነሳኋትም። ከጠረጴዛው ትንሽ ከፍ አለች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ከዛ ቀስ ብላ ወደ መዳፌ መታጠፍ ጀመረች። ቀጥሎ መሃለኛዋ። ያማል፣ ጅማት ከክርኔ ድረስ የሚጎተት ዓይነት ህመም። ቀና ስል ፊት ያሉት ሰዎች አይተዋል። ማየታቸውን አየሁ። ተካልኝ ቅርጫቱን ይዞ እንደቆመ ቀርቷል።

ጋሽ ወልደየስ ጎኔ መጡና ትልቁን መዳፋቸውን እጄ ላይ ጫኑት። ሰው ሲመርቅ እንደሚያደርገው። ጣቶቼን በስሩ ወደ ታች ይጫኗቸዋል። "በርታ" አሉኝ በጆሮዬ። "ዘጠኝ ደቂቃ ነው የቀረው።"

መናገር ፈለግኩ፣ መንጋጋዬ ከበደኝ።

መክሊት ከሰልፉ ወጣች። አልሮጠችም፣ በዛ ሆዷ አይሮጥም። መጥታ የጋሽ ወልደየስን እጅ በሁለት እጇ አንስታ ወደ ጎን አደረገችው። ከስሩ የኔ እጅ እንደ ጥፍራም ወፍ እግር ተኮማትሮ ወጣ።

"ጣቱን እዩት" አለች።

አዩት። ሰባት መቶ ሰው አየው። ከሰልፉ መሃል የሆነ ጀሪካን ወድቆ ተንከባለለ፣ ማንም አላነሳውም።

"ብርድ ነው" አለ ተካልኝ።

ፀሐይ ገና በጠዋቱ ሰላሳ አምስት ዲግሪ ነበረች። ፊቱ ላይ ላብ ይንቆረቆራል።

"አዎ፣ ብርድ ነው" አለች አንዲት ሴት። "ደሞ ሌሊት ባትሪ ሲነካ ያድራል።" "ልጁ ፈርቶ ነው፣ ፍርሃት ያኮማትራል።" "እትዬ ዘርፌ የለመዱት ናቸው፣ አዲስ ሰው እንደዛ ይሆናል።" ድምፃቸው ለስላሳ ነው፣ ለታመመ ሰው እንደሚወራ። አንዱም ቢሆን እየቀለደ አልነበረም። አንድ ሽማግሌ ጭራሽ ቀርበው እጄን አሹልኝ፣ "ይለቃል፣ የጠዋት ነው" እያሉ። የሳቸው ጣቶችም እንደኔው ናቸው።

አርባ ሞላ። ጋሽ ወልደየስ መክሊትን አዩዋት፣ ሰዉን አዩ፣ ነጩን ሰቀሉት።

ሰልፉ አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደ። መክሊት የነበረችበት ቦታ ክፍት ነበር፣ ከኋላዋ የነበረው ሰው ሞላው። የመጀመሪያው ሰው ቦኖውን ከፈተ።

መክሊት ጋሽ ወልደየስ ፊት እጇን ዘረጋች። "ቁልፉን" አለች።

ከኪሳቸው አውጥተው ሰጧት። ባዶ ጀሪካኗን ይዛ እቃ ቤት ገባች። እኔ እጄን መዘርጋት እየሞከርኩ ተቀምጫለሁ። ጥቂት ቆይታ ወጣች። ጀሪካኑ ሞልቷል፣ ወደ አንድ ጎን አዘንብላ ነው የተሸከመችው። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፣ ብርጭቆውን አለቀለቀችው፣ ከጀሪካኑ ቀዳችልኝ፣ እኔ መያዝ ስለማልችል አፌ ላይ ያዘችልኝ። ቀዝቃዛው ውሃ በአገጬ ወረደ። ለኔ ብላ ነው ያደረገችው፣ ሌላ ምንም አላሰበችም።

ቀና ስል ሰልፉ ቆሟል።

ቦኖው ክፍት ነው፣ የመጀመሪያው ሰው ጀሪካን ሞልቶ ይፈሳል፣ ሰውየው ግን አላስተዋለውም። እኛን ነው የሚያየው። ሁሉም እኛን ነው የሚያየው። ጣቴን የሚያይ ግን አንድም ሰው አልነበረም። መክሊት ከቦኖው ሳትቀዳ የሞላ ጀሪካን ይዛለች፣ እቃ ቤቱ በር ደሞ ከኋላዋ ክፍት ነው። ስለ ጣቴ ብርድ ነው ያለ ሕዝብ ስለዚህኛው ብርድ ነው አላለም። ተካልኝ ቅርጫቱን መሬት አስቀመጠ። ጋሽ ወልደየስ አንድ እርምጃ ወደ በሩ ሄዱ፣ ሰዉን አይተው ቆሙ።

መጀመሪያ ከሰልፉ የወጣችው ሀያት ናት። አንድ እጇ ሆዷ ላይ ነው፣ በሌላው ባዶ ጀሪካኗን ይዛለች። ከኋላዋ ሌላ ሰው ወጣ፣ ከሱም ኋላ ሌላ። አይሮጡም። ጠረጴዛው ጋ ስትደርስ ቆመች።

"መክሊት" አለች ቀስ ብላ። "ያንቺ ከየት ነው?"

መክሊት ጀሪካኑን ከጠረጴዛው አንስታ ሆዷ ላይ አቀፈችው፣ ጣቶቿም ዙሪያውን ተቆለፉ።